ባለቤት አልባው ዛፍ

«ሰባተኛውን ፎቶ ይመልከቱልኝ» አለ የጣውላ ድርጅቱ ጠበቃ፣ ክራቫቱን እያስተካከለ። «ቤት ይታይዎታል? አጥር? የእግር መንገድስ?»

የችሎቱ ጸሐፊ ጥያቄውን ለአሮጊቷ ምስክር በቋንቋቸው ነገረቻቸው። ሥራዋ መጻፍ እንጂ መተርጎም አልነበረም። የተመደበው አስተርጓሚ ግን የወንዝ ማዶዎቹን ቋንቋ የሚናገር ሆኖ ተገኘ፤ ለመዳቢዎቹ የጫካ ሰው ሁሉ አንድ ነውና። ቀጠሮው ሊተላለፍ ሲል ሳታስበው እጇን አወጣች። «የት ለመድሽው?» ሲሏት «ልጅ ሆኜ እዚያ አካባቢ ኖሬ ነበር» ብላ ሸፋፈነችው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሸፋፈነችው ነገር ነው። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በምሳ ሰዓት በጫካ ሰዎች ሲቀልድ አብራ ትስቃለች፤ ስቃ ስታበቃ ምሳዋን ሳትጨርስ ትነሳለች።

አሮጊቷ ፎቶውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ሠላሳውንም ፎቶ ያስነሳው ድርጅቱ ነው፤ ጫካው ሰው እንደማይኖርበት ለማሳየት። ዳኛው ካመኑት በሚቀጥለው ሰኞ መጋዞቹ ይገባሉ።

«ቤት የለም» አሉ አሮጊቷ። «እህቴ ግን አለች።»

ጠበቃው ፈገግ አለ። አሮጊቷ ጣታቸውን ከአንዱ ግንድ ላይ አሳረፉ፤ ቅርፊቱ ላይ ሦስት ያዘነበሉ ጭረቶች፣ ከሥራቸው አንድ ነጥብ።

«እኛ ዘንድ ልጅ ሲወለድ አባቱ ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ ይሰጠዋል፤ ቅርፊቱ ላይም የልጁን ምልክት ይቀርጻል። በዚያ ዛፍ ላይ ሌላ ሰው ቀፎ አይሰቅልም። ይሄ የእህቴ ነው። አሁን የልጇ ሆኗል።»

«ክቡር ዳኛ፣ ይሄ እንስሳ የጫረው ነው!»

ጸሐፊዋ ይህንንም ተረጎመች። አሮጊቷ ጠበቃውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «በየዛፉ እየለየ የሚጽፍ እንስሳ ካገኘህማ፣ ልጄ፣ ለእኔም አሳየኝ። ቀፎውን አስጠብቀዋለሁ።»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉና ራሳቸው ሳይታወቃቸው ከወንበራቸው ብድግ ብለው ወደ ፎቶው አጎነበሱ። «ቀጣዩስ?» አሉ። ቀጣዩ የጎረቤታቸው ነው። ከዚያ የሚቀጥለው፣ ጎን ለጎን የቆሙት ሁለቱ፣ የመንትዮቹ። አሮጊቷ መነጽር እንኳ ሳያደርጉ መንደሩን በሙሉ ከነዘመድ አዝማዱ ቆጠሩት። ጠበቃውን ድርጅቱ ከፍሎ ያስነሳው ማስረጃ እፊቱ ከዳው። የጸሐፊዋም ድምፅ ከፎቶ ወደ ፎቶ እየጎላ ሄደ፤ ደስ እያላት ነበር፤ ኩራት ኩራት እያላት።

ሃያ ሁለተኛው ፎቶ ሲመጣ ግን እስክሪብቶዋ መስመር መሃል ላይ ቆመ። ግማሽ ጨረቃ፣ ከጎኗ ሁለት ጭረት።

አሮጊቷም ምልክቷን በጣታቸው ዳበሱ። «የዚህኛው ባለቤት የለችም» አሉ። «አባቷ ሞተ። እሷን በልጅነቷ ዘመዶቿ ትማር ብለው ከተማ ላኳት፤ በዚያው ቀረች። ትኑር ትሙት አናውቅም።»

ጸሐፊዋ ቃል በቃል ተረጎመችው። እንዴት እንደወጣላት እሷም አታውቅም።

ጠበቃው ነፍስ ዘራ። «ይመዝገብልኝ! ምስክሯ ራሳቸው ባለቤት የለውም ብለዋል። አንዱ ከተተወ ሌላውም እንደተተወ ይቆጠራል።»

«አልጨረስኩም» አሉ አሮጊቷ፣ ጸሐፊዋን በዓይናቸው እየጠሩ። «ቀፎዋን በየዓመቱ እናድስላታለን። ማሯም ቢሆን አይነካም፤ ለንቦቹ እንተወዋለን። የሰው ዛፍ ነዋ!»

ዳኛው ትርጉሙን ጠበቁ። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን መዝገቡ ላይ አስቀምጣ ተነሳች። አንገቷን ቀና አደረገች።

«ክቡር ዳኛ፣ ከዚህ በላይ መተርጎም አልችልም። ባለጉዳይ ሆኛለሁ። ዛፉ የኔ ነው።»

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በሩ ላይ ፋይል እንደታቀፈ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጠበቃው «ማረጋገጫ!» ብሎ ጮኸ። እሷ ግን ፊቷን ወደ አሮጊቷ አዙራለች። ማንም ሳያዛት፣ ከፍ ባለ ድምፅ፣ በእናቷ ቋንቋ ተናገረች። ከዚያም ያንኑ ለዳኛው በችሎቱ ቋንቋ ደገመችው፤ «ከግንዱ ጀርባ፣ ፎቶው በማያሳየው በኩል፣ ሌላ ጨረቃ አለች፤ ተገልብጣ የተቀረጸች። አባቴ በተወለድኩ ዕለት ከደስታው ብዛት እጁ እየተንቀጠቀጠ ያበላሻት ናት።»

አሮጊቷ ጭናቸውን በጥፊ መቱ። ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ እንባ ተለወጠ፤ በእንባቸው መሃል ጣታቸውን አየር ላይ እያዞሩ የተገለበጠች ጨረቃ ሳሉ። ይህን የተረጎመው ሰው የለም፤ ያልገባውም ሰው የለም።

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት።

«ከጸሐፊ ጠረጴዛ ተነሺና ወደ ምስክር ቦታ ሂጂ» አሉ።

«ቃሌን ማን ይጽፈዋል፣ ክቡር ዳኛ?»

መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ እስክሪብቶዋንም አነሱ።

«ቀስ ብለሽ ተናገሪ» አሉ። «እንዳንቺ አልፈጥንም።»