ከጣቢያው እስከ በሩ

እናትና ልጅ ጣሊያን ባሕር ዳርቻ ለሽርሽር ሄደው፣ ልጅ የመረጠችው ማረፊያ ከባቡር ጣቢያው በላይ ቅያሱ የተወሳሰበ ኮረብታ ላይ ነበር።

«ብንጠፋስ?» አሉ እናት።

«እማዬ ደግሞ! ስልኬ መንገዱን ያውቃል።»

«ባትሪው ቢያልቅስ?»

እናት ፊደል ከሚማሩበት የጎልማሶች ትምህርት ቤት ይዘውት የመጡትን ጠመኔ ከቦርሳቸው አወጡ። ከጣቢያው ጀምረው በየመታጠፊያው ሀ፣ ለ፣ ሐ እያሉ ጻፉ፤ በራቸው ላይ «በ»ን ከጻፉ በኋላ ነው እፎይ ያሉት።

በማግስቱ ጠዋት ደጃፉ በጫጫታ ተሞላ። አንድ አስጎብኚ ሃያ ፈረንጅ አስከትሎ «በ»ን በጣቱ እያሳየ ያብራራል።

«ምን ይላል?»

«የጥንት መርከበኞች ጽሕፈት ነው ይላል» አለች ልጅ ሳቋን እየዋጠች። «መጣመሙን እዩ፣ ሺህ ዓመት ይሆነዋል ይላል።»

እናት በኀፍረት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«የትናንት ነው በይው። እጄ ገና ስላልፈታ ነው።»