ለእንግዳ የተሰቀለው ኤሲ

የድሬዳዋ ሙቀት ሲብስባቸው ባልና ሚስቱ ኤሲ ገዙ። ሊሰቅል የመጣው ባለሙያ «መኝታ ቤት ይሻላችኋል» አላቸው።

«እንግዳ መኝታ ቤት ይገባል እንዴ?» አለች ሚስት። ሳሎን፣ ከቡፌው በላይ አሰቀለችውና ቅዝቃዜው እንዳያልቅ በሩን ቆለፈችው።

ባል በላብ ተጠምቆ ሰነበተ። «እኔስ?» ቢላት፣ «አንተ እንግዳ ነህ?» አለችው።

እሁድ ከሰዓት ሱፉን ለብሶ ወጣ። ሙዝ ገዝቶ ተመለሰና የገዛ በሩን አንኳኳ።

«ቤቶች!»

ሚስት ከፈተች። ሱፉን አየች፤ ሙዙን አየች፤ ሻሿን አስተካከለች።

«ማንን ፈልገው ነው?»

«አባወራውን ነበር።»

«ውይ፣ አሁን ወጣ አለ» አለች፣ ሙዙን ተቀብላ የሳሎኑን ቁልፍ ከጉያዋ እያወጣች። «ይግቡና ይጠብቁት።»