ሦስት ምስክር ይበቃ ነበር

ጎረቤቱ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ «የዶሮ ሌባ!» ሲለው፣ ሰማይ ጠቀስ የነበረው የጋሽ ይመኑ ስም መሬት ላይ ተከሰከሰ። በማግስቱ ጠበቃ ዘንድ ሄደ።

«አገር ምድሩ ሰምቷል። ጎረቤቴን በስም ማጥፋት ክሰሺልኝ።»

«ከአንደበቱ የሰሙ ሦስት ሰዎች ይበቁኛል» አለችው።

ጋሽ ይመኑ ግን በሦስት የሚወሰን ሰው አይደለም። የዕድሩን ጡሩምባ ነፊ በማለዳ ሰፈሩን አዞረው፤ «ጋሽ ይመኑ የዶሮ ሌባ ሲባል የሰማችሁ፣ ለምስክርነት ውጡ!» እያለ ለፈፈ።

ሠላሳ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ የጠበቃዋን ቢሮ አጨናነቀ። ጋሽ ይመኑ ደረቱን ነፋ። ጠበቃዋ ብዕሯን አነሳች።

«ከማን ነው የሰማችሁት?»

«ከጡሩምባ ነፊው» አሉ በአንድ ድምፅ።

እትዬ ስንቅነሽ ከኋላ ሆነው ጋሽ ይመኑን ትክ ብለው አዩት።

«እኔ ደግሞ የጠፋችውን ዶሮዬን እስከ ዛሬ ድመት የበላት መስሎኝ ነበር።»