ከጆሮ ሥር የቀረ ሳሙና

ጠፍጣፋ መስታወት ሁሉ ብርሃን መመለስ ትቶ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ከጨለመ ወዲህ፣ ፊቱን ማየት የፈለገ ሰው ጎበጥ ያለ ነገር ይፈልጋል። የማንኪያውን ሆድ ተዉት፤ ሰውን ዘቅዝቆ ነው የሚያሳየው። የቀድሞው የታክሲ ሹፌር አቶ ምንውየለት የሚኒባሳቸውን ስፖኪዮ ነቅለው ከመታጠቢያው በላይ ሰቅለዋል። ስፖኪዮ ደግሞ ፊትን አሳንሶ ቤቱን በሙሉ ያሳያል። ጺማቸውን ሲላጩ የሚታያቸው ጥፍር የምታክል ፊትና ከኋላዋ የተዘረጋው ባዶ አልጋ ነው። ባለቤታቸው ሸዋዬ በሕይወት ሳለች፣ “እስቲ ዙር” ብላ የቀረውን ሳሙና በመዳፏ ትጠርግላቸው ነበር።

አንድ ጠዋት ዳቦ ሊገዙ ሲሄዱ ባለሱቋ እታለማሁ ትክ ብላ አየቻቸው።

“ጋሼ፣ ጆሮዎ ሥር ሳሙና ቀርቷል እኮ” አለችና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላቸው።

“ተባረኪ ልጄ” አሉ፤ ዳቦውን እዚያው ረስተው ተመለሱ። ቤታቸው እስኪደርሱ እጃቸው ከጆሯቸው ሥር አልወረደም።

በማግስቱ ተጠንቅቀው ተላጩ። ፊታቸውን ደጋግመው ታጥበው በፎጣ አደረቁ። ከዚያ ጥቂት አረፋ በጣታቸው ወስደው ጆሯቸው ሥር ቀቡና ዳቦ ሊገዙ ወጡ።