ሽማግሌው የተፈተኑበት ጥያቄ

አቶ ደግፌ ለጎረቤታቸው ልጅ ሽማግሌ ሆነው ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር ቤት ገቡ። «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን» ከማለታቸው መምህሩ ቀበል አደረጉና፣

«ልጃችሁን አስተምሬው በአንድ ጥያቄ ነው የወደቀው። እስቲ እርስዎ ይመልሱት። ሁለት ሽቦዎች ጎን ለጎን ተዘርግተው፣ ኤሌክትሪኩ በሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ፣ ሽቦዎቹ ይሳሳባሉ ወይስ ይገፋፋሉ?» አሏቸው።

አቶ ደግፌ ስለ ኤሌክትሪክ የሚያውቁት መጥፋቱን ብቻ ነው። ላብ አጠመቃቸው። ሆኖም ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው ናቸውና ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «መንገዳቸው አንድ ከሆነማ ይሳሳባሉ እንጂ ምን ያገፋፋቸዋል?» አሉ።

«ወደቁ!» አሉ መምህሩ ጭናቸውን መትተው። «ልጁም እንዲህ ብሎ ነው ዜሮ የሸለምኩት። ተመሳሳይ ነገር ይገፋፋል!»

አቶ ደግፌ አፍረው ባርኔጣቸውን ሲያነሱ፣ የመምህሩ ልጅ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ታቅፋ ከጓዳ ወጣች።

«አባዬ፣ እሳቸው ልክ ናቸው» ብላ ገጹን ገልጣ ሰጠቻቸው።

መምህሩ አነበቡ። መነጽራቸውን ወልውለው ደግመው አነበቡ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ!» አሉ በመጨረሻ ድምፃቸው ሰልሎ። «ምናለ ያ የፈተና ወረቀት በተገኘና ባረምኩለት!»

ልጅቷ መሬት መሬት እያየች፣ አራት ቦታ የታጠፈና እጥፋቱ የሳሳ ወረቀት ከመጽሐፉ መሃል አወጣች።