ዓሣ የሌለበት ባልዲ

ሰዓት ሠሪው በየሳምንቱ የዓሦቹን ውሃ ይቀይራል። የቧንቧው ውሃም ዓሦቹ ራሳቸው የሚያወጡት አሞኒያ የሚባል መርዝ ስለማያጣው አስቀድሞ በባልዲ ይቀዳና፣ አሞኒያ የሚመጥ ጠጠር ነክሮበት፣ ከድኖ ያሳድረዋል። ጠዋት በብልቃጥ ጨልፎ መመርመሪያውን ጠብ ሲያደርግበት ቢጫ ከሆነ ደህና ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ ዓሣ ይፈጃል።

ቅዳሜ አረንጓዴ ሆነ። ደፋው፣ ባልዲውን ፈትጎ አጠበ፣ ጠጠሩን ለወጠና እንደገና ሞላ። እሑድ ጭራሽ ባሰበት።

«ምን ጉድ ነው? ቧንቧው ይሆን?» አላት ልጁን።

«ቧንቧውንማ አሁን መረመርኩት፤ እንደወትሮው ነው። አባዬ፣ ይሄ እኮ ዓሣ ሲኖርበት የሚመጣ ቀለም ነው።» ወዲያው ሳቋ መጣ። «እስቲ ምግብ ስጠው፣ ርቦት እንዳይሆን!»

እሱም ለቀልዷ ብሎ ከዓሦቹ ምግብ ቆንጠር አድርጎ በተነበት። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ የባልዲው ወለል ላይ ያለው ጭረት ሳይቀር ይታያል። ፍርፋሪው ላዩ ላይ ተንሳፈፈ።

መሃል ላይ ያለችው ፍርፋሪ ጠፋች። አልሰመጠችም፤ ጠፋች። በቦታዋ ትንሽ ክብ ሞገድ ቀረ። ከዚያ አጠገቧ ያለችው። ከዚያ ሌላዋ።

ልጁ ሳቋን ዋጠች። «አባዬ፣ ክደነው።»

ክዳኑን በቀኝ እጁ አነሳ፤ በግራው የባልዲውን ጠርዝ ያዘ። የመጨረሻዋ ፍርፋሪ ስትጠፋ ሞገዱ ዞረና ባልዲውን ወደያዘው ግራ እጁ ቀስ እያለ መጣ፤ ልክ ዓሦቹ አልጠግብ ሲሉ እንደሚያደርጉት።