ረጅሙ ካስማ

«ይኼ አይይዝም፣ ጋሼ» አለኝ ታናሽ ወንድሜ፣ አሁን የመታሁትን ካስማ በሁለት ጣቱ ስቦ እያወጣ። ከቅቤ እንደሚወጣ ቢላ ያለ ድምፅ ወጣ።

ለሰው ደስታና ለሰው ኀዘን ድንኳን ስተክል የኖርኩ ሰው ነኝ። ለደረቅ መሬት ቀጭኑን ብረት፣ ለአሸዋ ጠፍጣፋውን እንጨት፣ ለለቀቀ አፈር ደግሞ ክንድ ተስንዝር የሚሆነውን ረጅሙን ካስማ እመርጣለሁ። የተከልኩት ወድቆ አያውቅም።

ይህ አፈር ግን ኮረብታው ተንዶ ቤታችንን የቀበረበት ነው። ልጄ ከሥሩ ነው። ቆፋሪዎቹ ሌላ ናዳ ፈርተው አካፋቸውን ሰብስበው ሄደዋል። ሚስቴ «ትቼው የትም አልሄድም» ብላ ዝናብ እየወረደባት ተቀምጣለች፤ ሳሉ ደረቷን ይዟታል። ሳይመሽ ድንኳኑ ካልቆመ እርሷንም ማጣቴ ነው።

«ረጅሙን አምጣው እንጂ! ጆሮዬን እየጠመዘዝክ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ? አርጅተሃል ልበል?» አለ ወንድሜ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው።

«በል» አልኩት።

ረጅሙን አንሥቼ ሹሉን አፈሩ ላይ አቆምኩ። የልጄ አልጋ ከዚህ ማዕዘን በታች ነበር። የናዳው አፈር የቁመቴ እጥፍ እንደሚሆን፣ ካስማውም እንደማይደርስበት አውቃለሁ። እጄ ግን አያውቅም። ያነሣሁት መዶሻ አልወርድ አለኝ።

«ምን ሆነሃል? ልምታልህ?»

«እንዳትነካው!»

ሚስቴ ፊቷን ሳታዞር፣ «ተወው፣ ወንድሜ። በአጭሩ ይትከለው» አለች።

«እንዴ፣ እትዬ! ነፋስ ሲመጣ ነቅሎት ይሄዳል እኮ።»

«ይንቀለው።»

ወንድሜ የካስማውን ሹል አየ፤ መሬቱን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ረጅሙን ካስማ ከእጄ ቀስ ብሎ ተቀብሎ ጆንያው ውስጥ መለሰው። ዳግመኛ አልቀለደም።

አጫጭሮቹን መታኋቸው፤ የተኛ ሰው እንዳይነቃ በር እንደሚዘጋ፣ በዝግታ። ሸራው ቆመ፤ ሚስቴን ደግፈን አስገባናት። ገና ገመዱን ሳላጠብቅ ነፋሱ መጣና ካስማዎቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመረ። ሙያዬ ዐይኔ እያየ ከጭቃው ወጣ።

የማዕዘኑን ገመድ ወገቤ ላይ ጠምጥሜ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜም ሌላውን ማዕዘን ያዘ። ሸራው ሲነፋ ይጎትተናል፤ ሲረግብ ይለቀናል። እስከ ንጋት እንደማንችለው ሁለታችንም እናውቃለን።

ከውስጥ ሳሏ ጋብ አለ። እርጥቡ መሬት ላይ ጋደም ስትል ሰማሁ።

«ትንሽ ፈቀቅ በልልኝ፣ ልጄ» አለች።